ያለ ቲኬት የወጣች ልጅ

መጀመሪያ ያየኋት ለማታውቀው ሰው ሸሚዝ ስትተኩስ ነው።

ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት፣ የእግረኛው መንገድ ላይ፣ አንድ ጎልማሳ ቆሟል። ከሩቅ ቦታ በአውቶቡስ ተጉዞ እንደመጣ ሁለመናው ይናገራል፤ ኮሌታው ተጨማዷል፣ ደረቱ ላይ የተኛበት ሻንጣ መስመር አውጥቶበታል። በአንድ እጁ የቀጠሮ ወረቀት ይዞ በሌላው ደረቱን ደጋግሞ ይዳብሳል። ጭምድዱ ግን በመዳበስ የሚለቅ ዓይነት አይደለም። እኔ ሙጫ ገዝቼ ስመለስ ነበር። ከመንገዱ ዳር ካለችው ላውንደሪ በር ላይ አንዲት ደልደል ያለች ሴት ብቅ አለችና፣ “አንተ! ና እስቲ ወዲህ” አለችው።

“እኔን ነው?”

“ታዲያ መንገዱን ልጠራ ነው? ግባና አውልቅ።”

“እ?”

“ሸሚዙን ነው፣ አትደንግጥ! እንዲህ ሆነህ ዳኛ ፊት ብትቀርብ ሳትጠየቅ ይፈረድብሃል።”

ሰውየው በካናቴራ ብቻ፣ በተሰቀሉ ጥቁር ካባዎች መሐል፣ እንደተቀጣ ተማሪ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። እሷ ውሃ እፍ አለችበት፤ ካውያውን አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች ሰደደችው፤ ሸሚዙን ትኩስ እንዳለ ትከሻው ላይ ጣለችለት። እጁን ወደ ኪሱ ሲልክ፣ “ኪስህን ተወው” አለችው። “ስትወጣ በዚህ በኩል እለፍና ምን እንደተባልክ ንገረኝ። ሒሳቡ እሱ ነው።”

የዚያን ዕለት ጠዋት ምን ብዬ እንደጸለይኩ አላስታውስም፤ መልሱን ግን በዓይኔ አየሁት። ብዙም ሳልቆይ ከላውንደሪዋ ጎን ያለችው ጠባብ ክፍል ባዶ መሆኗን ሰማሁና ተከራየኋት። ይኸው ከዚያ ወዲህ በቀጭን ግድግዳ ተለያይተን እንሠራለን። እኔ መጻሕፍት እጠርዛለሁ። ሥራ የሚያመጡልኝ አብዛኞቹ ጠበቆች ናቸው፤ ጀርባቸው የተገነጠለ የሕግ መጻሕፍት ይሰጡኛል፣ እኔም ሙጫው እስኪደርቅ ጥቂት ጥቂት አነባለሁ። ትምህርቴ ይኸው ነው፤ ስለሱም አምላኬን አመሰግናለሁ።

ሰፈሩ ባለ ካውያዋ ይላታል። እኔ እትዬ እላታለሁ፤ በዕድሜ ብዙም አትበልጠኝም፣ በመንፈስ ግን ታላቄ ናት። የፍርድ ቤቱ የዳኞችና የጠበቆች ካባ ሁሉ በእጇ ያልፋል። በዚያች ቤት አንድ የማይታጠፍ ሕግ አለ። ልብስ ሲገባ ቲኬት ለሁለት ይቀደዳል፤ ግማሹ በመርፌ ቁልፍ ልብሱ ላይ ይያያዛል፣ ግማሹ ለባለቤቱ ይሰጣል። ግማሹን ይዞ ያልመጣ ሰው የጳጳስ ልጅም ቢሆን ልብሱን አያይም።

“ያለ ቲኬት ጨርቅ ከዚህ ቤት አይወጣም” ትላለች።

አንድ ጊዜ የአንድ ዳኛ ሾፌር እየተጣደፈ መጣ። ቲኬቱ ጠፍቶበታል፤ ችሎቱ ሊጀመር ነው።

“እንዴ፣ እኔን አታውቂኝም? በየሳምንቱ የማመላልሰው እኔ አይደለሁም?”

“አንተንስ አውቅሃለሁ። ካባው ግን አያውቅህም።”

ለመናት፣ ተቆጣ፣ መሬት ረገጠ፤ ፍንክች አላለችም። የዚያን ዕለት ዳኛው የሰው ካባ ተውሰው፣ እጅጌው ክርናቸው ላይ ቀርቶ፣ ችሎት ተቀመጡ ተባለ። እትዬ ይህን በሰማች ጊዜ ከሳቋ ብዛት ወንበር ይዛ ተቀመጠች። ካባውን ግን አልሰጠችም።

ቤቷ ውስጥ ያለችው አንዲት ልጅ ናት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ገና በዳዴ ሳለች ከመተኮሻው ጠረጴዛ ሥር ሆና የተበጠሱ የሸሚዝ ቁልፎች ስትለቅም ስለምትውል ስሟ አዝራር ሆኖ ቀረ። የእትዬ ታናሽ እህት ልጅ ናት። እናቷ ልጅቷ መራመድ ሳትጀምር ሞተች። አባትየው ሥራ ፍለጋ እንደወጣ ድምፁ ጠፋ። እትዬ ባልም ልጅም የላትም፤ ያቺን ሕፃን በካውያ እንፋሎት መሐል አቅፋ አሳደገቻት። ልጅቷ አፍ ስትፈታ “እማዬ” ብላ የጠራችው እሷን ነው።

ታዲያ ልጅቷ ትምህርት ቤት ከገባች በኋላ፣ የአባትየው ታላቅ ወንድም ብቅ አለ። የሕንፃ መሣሪያ መደብር ያለው፣ ሰፊ ቤት የሠራ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። “የወንድሜ ደም ናት፤ እኔ ቤት ትደግ” ብሎ ከሰሰ። ነገሩ ፍርድ ቤት ገባ። የእኛ ከተማ ፍርድ ቤት የሚሠራው በእንግሊዝኛ ነው፤ እንግሊዝኛ ለማይችል አስተርጓሚ ይቆማል። የመጀመሪያው ቀን ዳኛ ብዙ ተናገሩ፤ የእትዬ አስተርጓሚ ግን ሌላ ችሎት ይጠብቀው ስለነበር ያን ሁሉ አሳጥሮ፣ “ልጅቷ በፍርድ ቤቱ ጥበቃ ሥር ሆናለች። የምትኖረው አንቺ ጋ ነው” አላት።

እትዬ ኮሪደሩ ላይ እልል አለች። ዘበኛው “እሽ! ችሎት አለ!” ብሎ አስቆማት። ሱቋ ተመልሳ መጥታ ግድግዳዬን በቡጢ እየደበደበች፣ “ሰማህ? ከእንግዲህ ማን ይነካናል! ፍርድ ቤቱ ራሱ በራችን ላይ ቆመልን” አለችኝ። እኔም አሜን አልኩ። ጥበቃ ጥሩ ቃል ነው፤ ሰምቶ የሚደነግጥ የለም።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ታናሽ ወንድሟ መጣ። የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ከድንበሩ ማዶ፣ ሐይቅ ዳር ካለች ከተማ አግብቶ ይኖራል። ሲመጣ መንገዱ ሁሉ ያውቃል፤ ጥሩንባው ካውያ ያስጥላል።

“እቴ፣ ይቺ ልጅ ውሃ የምታውቀው በባልዲ ብቻ ነው እንዴ?” አለ ከጋቢናው ሳይወርድ። “ስጪኝ ልውሰዳትና ሰው ትሁን።”

“እንዳታሰምጥብኝ ብቻ!”

“እኔ የዘይት በርሜል ሳልጥል አገር ያቋረጥኩ ሰው፣ የእህቴን ልጅ እጥላለሁ?”

አዝራር ጋቢናው ላይ ወጥታ፣ በመስኮቱ ግማሽ አካሏን አውጥታ እጇን እያውለበለበች ሄደች። እትዬ መንገዱ ላይ ቆማ ቆየች። “ሳትዋኝ እንዳትመልሳት!” ብላ ጮኸች በመጨረሻ። ሁላችንም እጃችንን አውለበለብን፤ ዳቦ ቤቱ፣ ጫማ ሰፊው፣ እኔ። ማንም ክፉ ነገር አላየበትም። ልጅ በዕረፍቷ አጎቷ ጋ ብትሄድ ምን አለበት? እኛ እንደዚህ ነው ያደግነው፤ የአንዱ ልጅ የዘመዱ ሁሉ ልጅ ነው፣ የትኛው ቤት እንዳደረ የሚጠይቅ የለም።

በሌላው ሳምንት አንድ ጠዋት፣ የተጣመመ የመጽሐፍ ሽፋን ላቃና ካውያ ልዋሳት ገብቼ ሳለ፣ ከፍርድ ቤቱ የሕፃናት ክፍል የምትመጣው ሶሻል ወርከር ገባች። ትሑት ወጣት ናት፤ አልፎ አልፎ እየመጣች ልጅቷን አጫውታ፣ ደብተሯን አይታ ትሄዳለች።

“አዝራር የለችም?” አለች ከጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብላ እያየች።

“ወንድሜ ጋ ናት፣ ለዕረፍት። እስካሁን ዓሣ ሆናለች በይው” አለች እትዬ ከሥራዋ ቀና ሳትል።

“ጥሩ ነው። ወንድምሽ የት ነው የሚኖሩት?”

“ሐይቁ ዳር። ድንበር ማዶ።”

የሶሻል ወርከሯ ፊት ተለወጠ። “ማን ፈቀደ?”

“እኔ ነኛ!”

“አይ፣ እትዬ፣ ዳኛው ፈቅደዋል ወይ ማለቴ ነው።”

“ለዕረፍት? ዳኛው ምን አገባቸው? እሳቸው ልጆቻቸውን ለዕረፍት ሲልኩ እኔን ያስፈቅዳሉ?”

እኔ ሳቅሁ። ሶሻል ወርከሯ አልሳቀችም። ሳቄ አፌ ላይ ደረቀ።

“እትዬ” አለች ቀስ ብላ፣ “ልጅቷ እኮ ዋርድ ኦፍ ኮርት ናት። ያለ ፍርድ ቤቱ ፈቃድ ከአገር ልትወጣ አትችልም። ይህን አውቄ ዝም ልል አልችልም፤ ሳላሳውቅ ብቀር እኔም እጠየቃለሁ። የከሳሹ አጎቷ ጠበቃ ዛሬውኑ ይሰማዋል። በቶሎ አስመልሻት፣ እባክሽ።”

ከዚያ በኋላ የተናገረችውን አልሰማሁም፤ የሚያቃጥል ነገር ሸተተኝ። እትዬ ካውያውን በያዘችበት እጇ ክው ብላ ቀርታለች፤ ከካውያው ሥር የአንድ ጠበቃ ነጭ ሸሚዝ እየጨሰ ነው። ተንደርድሬ እጇን አነሳሁት። ሸሚዙ ጀርባ ላይ የካውያው ቅርጽ ቡናማ ሆኖ ቀርቷል። በዚያች ቤት ጨርቅ ሲቃጠል ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ለእሷም ይመስለኛል።

ሶሻል ወርከሯ እንደወጣች እትዬ ተከትላኝ ወደ ክፍሌ መጣች። “አንተ የሕግ መጽሐፍ ታነብ የለ? ያ ያለችው ነገር ምንድነው? ከሥር ከመሠረቱ ንገረኝ።”

መጭመቂያው ውስጥ ሙጫው ያልደረቀ ጥራዝ ነበረ፤ ስለ ቤተሰብ የሚናገር። ጥራዙ ይበላሽ ብዬ ብሎኑን ፈታሁት። መዝገበ ቃላቴን ጎኑ ዘረጋሁና፣ እየተደናቀፍኩ፣ ሁለት ሁለት ጊዜ እየደጋገምኩ አነበብኩላት። ያነበብኩትን ማመን አቅቶኝ ሦስተኛ ጊዜም አነበብኩት።

“ካስተዲ የሚሉትን ታውቂዋለሽ” አልኳት። “ልጁ ማን ጋ ይደር፣ ማን ያብላው፣ ማን ያልብሰው የሚለው ነው። ይኼኛው ሌላ ነው። ልጅ ዋርድ ኦፍ ኮርት ሲሆን፣ የትም ይደር፣ ማንም ያብላው፣ የመጨረሻው ቃል የፍርድ ቤቱ ነው። በልጁ ሕይወት ውስጥ ትልቅ ነገር ሲመጣ፣ ከአገር መውጣት በይው፣ ትምህርት ቤት መቀየር፣ ከበድ ያለ ሕክምና፣ ፍርድ ቤቱ ሳይፈቅድ አይሆንም። እናትም ብትሆን፣ አባትም ቢሆን።”

“ቆይ፣ ቆይ።” መዳፏን ከፍ አደረገች። “ፍርድ ቤቱ ማለት… ያ ሕንፃ?”

“ሕንፃው እንኳ ሳይሆን…”

“ያ ሕንፃ ነው እናቷ? ትኩሳት ሲይዛት ያ ሕንፃ ነው የሚነሳው? ፀጉሯን ያ ሕንፃ ነው የሚያበጥረው?”

ስንት ዓመት የሕግ መጽሐፍ ስጠርዝ ድንጋይና ካባ የልጅ ወላጅ ሊሆን እንደሚችል አንድም ቀን አልመጣልኝም።

“እና እኔ ማን ነኝ?” አለች።

“አንቺ… አንቺ በእጅሽ የያዝሻት ነሽ፣ እትዬ። አደራ ተቀባይ ነሽ።”

ዞር ብላ በሁለታችን መሐል ያለውን ግድግዳ አየች፤ ግድግዳውን አልፋ የተሰቀሉትን ካባዎች የምታይ ይመስል ነበር። “ላውንደሪ ነኝ በለኛ” አለች ቀስ ብላ። “ልጅቷ ካባ፣ እኔ ላውንደሪ፣ ባለ ቲኬቶቹ ደግሞ እነሱ።” ከዚያ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። “ያለ ቲኬት አወጣኋት! አንተ፣ እኔ፣ እኔ ራሴ ያለ ቲኬት አወጣኋት!”

እዚያው ቆማ ወንድሟ ጋ ደወለች። ድምፁ ክፍሌን ሞላው።

“ምን ሆነሻል ደግሞ? ልጅቷ ከውሃው አልወጣም ብላለች! ሐይቁን ጠጥታ ልትጨርሰው ነው!”

“መልሳት። አሁኑኑ ጫናትና መልሳት።”

“ሰው ሞተ እንዴ?”

“የሞተ የለም። የሰው ልጅ ነው ይዘህ የሄድከው።”

“የማን ልጅ?”

“የፍርድ ቤቱ።”

ወዲያ ማዶ መሳቅ ጀመረ። “ፍርድ ቤት ደግሞ መቼ ወለደ?”

እትዬ አልሳቀችም፤ ማልቀስም አልቻለችም። “ወለደ” አለችው። “ሳናውቅ ወልዷል። ጫናት።”

ሶሻል ወርከሯ እንዳለችው ሆነ። በማግስቱ የአጎትየው ጠበቃ አቤቱታ አስገባ፦ አክስትየው የፍርድ ቤቱን ትእዛዝ ጥሳ ልጅቷን ከአገር አስወጥታለችና አትታመንም፤ ልጅቷ ከእጇ ወጥታ ለአጎቷ ትሰጥ። ሰኞ ይታያል ተባለ። እትዬ ጥሪውን ስትቀበል መልእክተኛው ራሱ ብዕሩን አስያዛት።

እንግዲህ ልጅቷ ብቻ በሰላም ትግባ እያልን ስንጸልይ፣ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ስልኩ ጮኸ። ያ ቀልደኛ፣ ያ ጥሩንባው ሰፈር የሚያናውጥ ሰው፣ ይንሰቀሰቃል።

“እቴ… ድንበሩ ላይ አወረዱብኝ። ስሟ ኮምፒውተራቸው ውስጥ አለ። ‘ይቺ ልጅ ትፈለጋለች’ አሉ። ከጋቢናው አወረዷት፤ እኔን ልጅ ሰርቀሃል ብለው አንድ ክፍል አስገቡኝ። ‘አጎቷ ነኝ’ ብላቸው፣ ‘አጎቷማ ከሳሹ ነው’ ይሉኛል! እኔን ለቀውኛል፤ እሷን ግን አንዲት ሴት እጇን ይዛ ወሰደቻት። የሕፃናት ማቆያ አለ አሉኝ። ሰኞ ራሳቸው ችሎት ያመጧታል።”

“አለቀሰች?”

“አላለቀሰችም። እሱ ነው የገደለኝ። ‘አጎቴ፣ ምን አጥፍቼ ነው?’ ብቻ አለችኝ።”

እትዬ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች፣ ባልታጠቡ ልብሶች ቅርጫት መሐል ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ልጅቷን ከእሷ የሚጠብቅ ፍርድ ቤት! በራችን ላይ ቆመልን ብላ እልል ያለችለት ዘበኛ ፊቱን ወደ ውስጥ አዙሯል። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ። አንዳንድ ጊዜ ለሰው የሚሰጥ ነገር መቆም ብቻ ነው፤ ቆምኩላት።

እሑድ ሱቁ ዝግ ነበር፣ ካውያው ግን እንፋሎት ሲተፋ ይሰማኛል። አንኳኩቼ ገባሁ። የአዝራርን የትምህርት ቤት ዩኒፎርም እየተኮሰች ነው። ጨርሳ ሰቀለችው፤ አየችው፤ አወረደችውና እንደገና ትተኩሰው ጀመር። ጨርቁ ካውያ በዝቶበት ማብረቅረቅ ጀምሯል።

“ይበቃዋል፣ እትዬ።”

“ካቆምኩ አስባለሁ” አለችኝ።

ሰኞ አብሬያት ገባሁ። ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አጎትየው በንጹሕ ሱፍ ከጠበቃው ጎን ተቀምጧል፤ ዓይኑን ከወለሉ አያነሳም። ሁላችንም ተነሥተን ዳኛው ሲገቡ፣ እትዬ ዞር ብላ ፈለገችኝ። ፊቷ አመድ መስሏል። ከንፈሯን አነበብኩት፦ “ካባው! ያ ቲኬቱ የጠፋበት!”

የግራ እጅጌው ጫፍ ላይ እሷ ራሷ የጣፈችው ቀጭን ስፌት አለ። ከሌላ ዳኛ ፊት ብትቀርብ ምን ነበረበት? ያ ሁሉ ሕዝብ የሳቀበትን አጭር ካባ አስታወስኩ። “ጌታዬ ሆይ፣ ያን ቀን አስረሳቸው” ብዬ ጸለይኩ።

ጠበቃው ለረጅም ጊዜ ተናገረ። በዚህ ቀን የነበሩት አስተርጓሚ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ሴት ናቸው፤ አይቸኩሉም፣ አንድም ቃል አያስቀሩም። አለማስቀረታቸው ራሱ ያስደነግጥ ነበር። እትዬ ስትሰማ እያነሰች የምትሄድ መሰለችኝ።

“ልጅቷን ከአገር ለማስወጣት ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ታውቂ ነበር?” አሉ ዳኛው።

“አላውቅም ነበር፣ ክቡር ዳኛ። ጥበቃ ሲሉኝ ዘበኛ መስሎኝ ነበር።”

“ሥራሽ ምንድነው?”

“ልብስ አጥባለሁ፣ እተኩሳለሁ። ከመንገዱ ማዶ።”

ዳኛው ቀና አሉ። መጀመሪያ እሷን አዩ፤ ከዚያ የግራ እጅጌያቸውን አዩ። “ሾፌሬን ባዶ እጁን የመለስሽው አንቺ ነሽ?”

አለቀ አልኩ በልቤ።

“አዎ፣ ክቡር ዳኛ። እኔ ነኝ።”

“ለምን መለስሽው?”

“ቲኬት አልያዘም ነበር። ካባው ደግሞ የእርስዎ እንጂ የእኔ አይደለም። አደራ ነው። የሰው ነገር ለመጣ ሁሉ አልሰጥም።”

“ልጅቷስ?”

እትዬ የቀሚሷን ጫፍ ይዛ ጭምድዱን በጣቶቿ ታቃናዋለች፤ ያ ሰውዬ መንገድ ላይ ቆሞ ሸሚዙን ሲዳብስ እንደነበረው።

“ልጅቷ…” አለች። “ልጅቷ የእኔ መስላኝ ነበር።”

አስተርጓሚዋ ተረጎሙት። ዳኛው ብዙ ጻፉ። ከዚያ ልጅቷ ትግባ አሉ።

የጎኑ በር ተከፍቶ አዝራር ከሶሻል ወርከሯ ጋር ገባች። ጉልበቷ የሚደርስ የባለ ጭነት መኪናውን አጎቷን ሸሚዝ ለብሳለች፤ ፀጉሯ በሐይቅ ውሃ ደርቆ ቀጥ ብሎ ቆሟል። እትዬን እንዳየች እጇን አስለቅቃ ሮጠች። ዘበኛው ሊይዛት ሲል ዳኛው እጃቸውን አነሱ፤ ተመለሰ። ልጅቷ የእትዬ ወገብ ላይ ተጣብቃ አንድ ነገር ተናገረች።

“ምን አለች?” አሉ ዳኛው።

አስተርጓሚዋ መነጽራቸውን አወለቁ። “‘እማዬ፣ በጀርባዬ መንሳፈፍ ቻልኩ’ ነው ያለችው፣ ክቡር ዳኛ።”

ዳኛው ቀስ እያሉ፣ አስተርጓሚዋን እየጠበቁ፣ ተናገሩ። ልጅቷ የመጨረሻው ውሳኔ እስኪሰጥ ከአክስቷ ጋር ትቆያለች። ከሳሹ አጎቷ ቅዳሜ ቅዳሜ ይጎበኛታል። ፓስፖርቷ ፍርድ ቤቱ ጋ ይቀመጣል። ‘አላውቅም ነበር’ የሚለው መልስ ግን ዛሬ የመጨረሻው ነው፤ ሁለተኛ አይሠራም።

“ፍርድ ቤቱ ልጅቷን ከአንቺ አልወሰደም” አሉ በመጨረሻ። “የያዛት ማንም ብድግ ብሎ እንዳይወስዳት ነው። ማንም ስል ግን አንቺንም ጨምሬ ነው።”

በዚህኛው ቀን እትዬ እልል አላለችም። የልጅቷን እጅ አጥብቃ ይዛ፣ ራስዋን እየነቀነቀች፣ ደረጃውን ወረደች። አጎትየው ታች ቆሞ ጠበቀን። ለልብሱ ሳይሳሳ ጎንበስ ብሎ፣ “ዋናውን ማን አስተማረሽ?” አላት ልጅቷን። “አጎቴ፣ ባለ መኪናው!” አለችውና ሳቀች። እሱ ቀና አለ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። “የወንድሜ ሳቅ ነው” አለ ለእትዬ። “እሱን ልሰማ ብዬ እኮ ነው…” አልጨረሰውም። እትዬም፣ “ቅዳሜ ስትመጣ ሱፍህን ቤት አታጥበው፣ እኔ ጋ አምጣው” አለችው። በዚሁ ተለያዩ።

ድንጋጤው ግን በአንድ ቀን የሚለቅ አልነበረም። ለጥቂት ቀናት ከግድግዳው ወዲያ ሳቅ አልሰማሁም። ከዚያ አንድ ከሰዓት እትዬ አዝራርን ጠረጴዛዬ ሥር አስቀምጣ፣ ራሷ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

“ሳስበው ሰነበትኩ” አለችኝ። “‘ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር’ ይባል የለ? እኔ ገለበጥኩት፤ ለዳኛው ሳልናገር ውሃውን አሻገርኳት። እና ደግሞ… እህቴ ሞተች። አባትየው ጠፋ። እኔም ነገ ምን እንደምሆን አላውቅም። ያ ሕንፃ ግን የትም አይሄድም። ልቤ አልወደደውም፤ ግን የትም አይሄድም።”

“እግዚአብሔር ብዙ ዓይነት ዘበኛ አለው፣ እትዬ።”

“አለው። ይኼኛው ግን ወረቀት ይወዳል። ለእሱ ነው የመጣሁት። ውለታ ዋልልኝ። ለሚቀጥለው ዕረፍት ሐይቁ ጋ እንድትሄድ ማመልከቻ ጻፍልኝ፤ ገና ወደ ፊት መዋኘት አልቻለችም፣ በጀርባዋ ብቻ ነው። በእንግሊዝኛ፣ በሥርዓቱ። ከማን ጋር እንደምትሄድ፣ መቼ እንደምትመለስ፣ አንድም ሳትረሳ።”

ወረቀት አወጣሁ። እንደ መጽሐፉ አጻጻፍ ልጅቷ በስሟ አትጠራም፤ ዋርድ ተብላ ነው የምትጻፈው። ይህንኑ ነገርኳት።

“አይ” አለች። “‘ልጄ’ ብለህ ጻፍ።”

“እትዬ፣ በሕጉ እኮ…”

“ሕጉንማ አሁን አውቄዋለሁ፤ ያስተማርከኝ አንተው ነህ። ፈቃዱን እጠይቃለሁ፣ እምቢ ካሉም እቀራለሁ።” ጎንበስ ብላ ከጠረጴዛው ሥር የወጣውን ደረቅ ፀጉር በመዳፏ አስተኛችው። “አንተ ግን፣ ወንድሜ፣ ‘ልጄ’ ብለህ ጻፍልኝ። መሰረዝ ካለበት እነሱ ይሰርዙት።”